ኤስ ኬ ኤስ ጠመንጃ ለመግዛት ከመወሰን በፊት ምን ማየት ያስፈልጋል?

ኤስ ኬ ኤስ የሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሶቪየቱ የጦር መሣሪያ ቀያሽ የሰርጌይ ሲሞኖቭ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የሶቪየት ጦር መደበኛ ትጥቅ ሆነ። ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው ግን ጠመንጃው ራሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቦታውን ለክላሽንኮቭ ቢለቅም፣ በቻይና፣ በዩጎዝላቪያ፣ በሩማንያ፣ በአልባኒያና በሌሎችም አገሮች ስለተመረተ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው። ለዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ከቆየ በኋላም ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች ወደ ሲቪል ገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርብ ኤስ ኬ ኤስ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሌላ ሰው የተኮሰበት፣ ሌላ ሰው የጠገነው ወይም ሌላ ሰው በግራሶ ነክሮ ያስቀመጠው ነው። በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት ከተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ ለሃያ ዓመት የሚያገለግል፣ ሌላው ደግሞ ከግድግዳ ጌጥነት የማያልፍ ሊሆን ይችላል። ገዢው ስለ ስሙ የሰማውን ወደ ጎን ትቶ እጁ የገባውን አንዱን ጠመንጃ መመርመር የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

ከምርመራው በፊት ግን ሕጉ ይቀድማል። በዚህ ጠመንጃ ላይ ያለው ድንጋጌ ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ ትልቅ ጥይት የሚተኩሱ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን ከግለሰብ እጅ አስወጥታለች፤ አውስትራሊያ በ1996፣ ኒውዚላንድ በ2019 ተመሳሳይ ጠመንጃዎችን አጥብቀው ገድበዋል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ጠመንጃው ራሱ ተፈቅዶ ሳለ ሳንጃው፣ የጥይት ካዝናው መጠን ወይም የቦምብ መወርወሪያው ሊከለከል ይችላል። እንግዲህ ለመሣሪያ ፈቃድ ሰጪው አካል የሚቀርበው ጥያቄ «ኤስ ኬ ኤስ ይፈቀዳል ወይ?» በሚል ብቻ መቆም የለበትም፤ የጠመንጃውን ሥሪት፣ በላዩ ያሉትን ተጨማሪ ዕቃዎችና የካዝናውን ይዘት ዘርዝሮ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ሻጩ «ችግር የለውም» ቢል ቃሉ በሕግ ፊት የሚያድን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰነድ የሌለው ጠመንጃም የቱንም ያህል ውብ ቢሆን አይገዛም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጠመንጃው ለምን ሥራ እንደሚፈለግ መለየት ነው። ኤስ ኬ ኤስ የሚተኩሰው 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፤ 8 ግራም ገደማ የሚመዝነው እርሳስ ከአፈሙዙ በሴኮንድ 735 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል። የማነጣጠሪያው መለኪያ እስከ 1000 ሜትር የተጻፈበት ቢሆንም ይህ ቁጥር ማንንም ሊያሳስት አይገባም። በተለመደው የወታደር ጥይት፣ ጤነኛ የሆነ ኤስ ኬ ኤስ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቶቹን ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ክብ ውስጥ ይሰበስባል፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ክቡም በዚያው ልክ ይሰፋል። ለኢላማ ልምምድ፣ እንዲሁም በሕግ በተፈቀደበት ቦታ መካከለኛ መጠን ያለውን አውሬ ከ150 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ለማደን ይበቃል። ከ200 ሜትር በላይ በትክክል መተኮስ የሚፈልግ ሰው በእጅ የሚቀባበል የአደን ጠመንጃ ቢገዛ ይሻለዋል። ገና ተኩስ መማር ለሚጀምር ሰውም ጥይቱ ርካሽ፣ ግፊቱ ቀላል በሆነው ባለ 0.22 ኢንች ጠመንጃ መጀመር የበለጠ ያስተምረዋል። ለአደን ሲባል ደግሞ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው የወታደር ጥይት አይመከርም፤ አውሬውን ወግቶ ስለሚያልፍ ሥቃዩን ያራዝማል፣ በብዙ አገርም የተከለከለ ነው። ጫፉ ለስላሳ የሆነ የአደን ጥይት በሚኖሩበት ቦታ መገኘቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቤት ለመጠበቅ ብሎ ይህን ጠመንጃ የሚያስብ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲያስብ እመክራለሁ። ጥይቱ የመኖሪያ ቤት ግድግዳን በቀላሉ በስቶ የሚያልፍ በመሆኑ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ጠመንጃው ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመት ስላለውም በጠባብ ኮሪደር ውስጥ አይመችም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከጠመንጃው ጋር አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። በቤቱ ውስጥ ሕፃን፣ በሐዘን ወይም በጭንቀት የተጎዳ ሰው፣ ወይም ሲጠጣ ራሱን መቆጣጠር የሚያቅተው ሰው ካለ፣ በዚህ ወቅት ጠመንጃ ወደዚያ ቤት ባይገባ ይሻላል፤ ይህን ስል ስለ ጠመንጃው ጥራት ምንም ሳልናገር ነው። የሚገባ ከሆነም የሚቆለፍ የብረት ሣጥን፣ ጥይቱ ለብቻው የሚቆለፍበት ሌላ ቦታና ቁልፉ በአንድ ኃላፊ እጅ መሆኑ ከግዢው በፊት የተጠናቀቀ መሆን አለበት።

እነዚህን ጥያቄዎች በአዎንታ የመለሰ ሰው የጠመንጃውን የትውልድ አገር ይለይ። የሶቪየቱ የቱላ ፋብሪካ ምልክት በኮከብ ውስጥ ያለ ቀስት ነው፤ የሌላው የሶቪየት ፋብሪካ የኢዠቭስክ ደግሞ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ቀስት ነው። የሶቪየቶቹ በርሜል በአብዛኛው ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ዝገትን ይቋቋማል። የቻይናው 56 የተባለው ሥሪት በብዛቱ ይታወቃል፤ ጥራቱ እንደ ፋብሪካውና እንደ ዘመኑ ስለሚለያይ በጅምላ ጥሩ ወይም መጥፎ ማለት አይቻልም። የዩጎዝላቪያው 59/66 ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ በአፈሙዙ ላይም የቦምብ መወርወሪያ ተገጥሞለታል፤ የበርሜሉ ውስጥ ግን የክሮም ልባጥ የለውም። ቦምብ በሚወረወርበት ጊዜ፣ ጠመንጃውን በራሱ የሚያጎርሰውን የተኩስ ጋዝ የሚያግድ መዝጊያ ስላለው፣ መዝጊያው ከተበላ ጋዝ ያፈስና ጠመንጃው በራሱ ማጉረስ ይሳነዋል። ስለዚህ የዩጎዝላቪያ ሥሪት ከሆነ በርሜሉንና የጋዝ መዝጊያውን ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ምርመራው የሚጀምረው ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን በማረጋገጥ ነው። አፈሙዙን ሰው በሌለበት አቅጣጫ አድርገው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው፣ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይሳቡና ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። ኤስ ኬ ኤስ 10 ጥይት የሚይዝ፣ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ካዝና አለው፤ ከቃታው ፊት ለፊት ያለው መያዣ ሲለቀቅ ካዝናው ወደ ታች ይከፈታል፣ በውስጡ የቀረ ጥይት ካለም በዚያው ይወድቃል። ሻጩ «ባዶ ነው» ብሎ ቢያቀብልዎም ይህን ከማድረግ አይቆጠቡ። ምርመራውን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎ ያ ብቻውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል በርሜሉ ነው። መቀርቀሪያው ከወጣ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ በርሜሉን ይወልውሉ፤ በዘይትና በግራሶ የተሞላ በርሜል ጉድለቱን ይሸሽጋልና ሳይወለወል አይታይም። ከዚያ ከኋላ በኩል በትንሽ ባትሪ እያበሩ ከአፈሙዙ በኩል ይመልከቱ። አራቱ ጠመዝማዛ ቦዮች ከዳር እስከ ዳር ጠርዛቸው ስል ሆኖ፣ መካከላቸውም እንደ መስታወት አንጸባርቆ መታየት አለበት። እዚህም እዚያም ጥቂት ጠቆር ያለ ነጥብ ቢኖር ጠመንጃውን አይጥለውም፤ የቦዩ ጠርዝ ተበልቶ የተድበለበለ ከሆነ፣ ወይም ዝገት ብረቱን ቆፍሮ ጉድጓድ ከሠራ ግን ጥገና አይመልሰውም። ባትሪውን በዝግታ ሲያንቀሳቅሱ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ቀለበት የመሰለ ጥቁር ጥላ ከታየ፣ ቀድሞ በርሜሉ ተደፍኖ ሳለ ተተኩሶበት ብረቱ ያበጠ ሊሆን ስለሚችል አይግዙት።

አፈሙዙም የራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል። ብዙ ወታደሮች በርሜሉን የሚወለውሉት ከፊት በኩል በብረት ዘንግ ስለነበረ፣ ዘንጉ ለዓመታት ያሻሸው የአፈሙዝ ጠርዝ በአንድ ወገን ሊበላ ይችላል። ባሩድና ተቀጣጣይ (በቀለህ ቂጥ ላይ ያለው፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል) የሌለበት የልምምድ ጥይት ካለ በጫፉ በኩል ወደ አፈሙዙ ያስገቡት። እርሳሱ ቀለህው አፍ ድረስ ጠልቆ ከገባ አፈሙዙ ሰፍቷል፤ በአፈሙዙና በቀለህው አፍ መካከል በግልጽ የሚታይ ክፍተት ከቀረ ደኅና ነው። ይህን በተተኳሽ ጥይት መሞከር ግን በፍጹም አይገባም።

ከበርሜሉ በላይ ያለውን የጋዝ ቱቦ ብዙ ገዢዎች ሳያዩት ያልፋሉ። የድሮው የወታደር ጥይት ተቀጣጣይ ሲነድ የሚተወው ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ፣ ከተኩስ በኋላ ካልታጠበ ብረት ይበላል፤ ጨው የሚከማችበት ዋናው ቦታም የጋዙ መተላለፊያና በጋዙ የሚገፋው ፒስተን ነው። በማነጣጠሪያው ቀኝ ያለውን መያዣ አንሥተው ቱቦውን ሲያወጡ፣ ከኋላው ያለው አጭር ዘንግ በሞላው ተወንጭፎ እንዳይወጣ ጣትዎን ያስደግፉለት። ፒስተኑ በቱቦው ውስጥ ያለ ችግር መመላለስ አለበት። ቱቦውን ቀጥ አድርገው ሲይዙት ፒስተኑ በራሱ ክብደት የማይንሸራተት ከሆነ ውስጡ ዝጓል ወይም ቱቦው ተጨፍልቋል። ቱቦውና ፒስተኑ መለዋወጫ ስለሚገኝላቸው ይህ ጉድለት ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ ግዢውን አያስቀርም፤ በበርሜሉ ላይ ያለው የጋዝ መውጫ ራሱ ከተበላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ መቀርቀሪያው እንመለስ፤ የዚህ ጠመንጃ በጣም አደገኛው ጉድለት ያለው እዚህ ነው። በመቀርቀሪያው ውስጥ የጥይቱን ተቀጣጣይ የሚመታ መርፌ አለ፤ ከመጀመሪያዎቹ የሶቪየት ምርቶች በስተቀር በአብዛኞቹ ላይ መርፌውን ወደ ኋላ የሚመልስ ሞላ የለም። መርፌው በቀዳዳው ውስጥ እንደ ልቡ ስለሚመላለስ፣ በመጋዘን የደረቀ ግራሶ ወይም ዝገት ወደ ፊት እንደ ወጣ ካስቀረው መቀርቀሪያው ሲዘጋ ቃታ ሳይነካ ጥይቱ ይተኮሳል፤ አንዱ ተኩስ ሌላውን እየጠራም ካዝናው እስኪያልቅ ሊቀጥል ይችላል። መቀርቀሪያውን በእጅዎ ይዘው ከጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት። መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ቀጭንና ጥርት ያለ የብረት ድምፅ መሰማት አለበት። ድምፅ ከሌለ፣ ወይም ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ፣ መርፌው በግራሶ ተይዟል ማለት ነው። ሞላ ባለው ሥሪት ላይ ደግሞ መርፌው ከኋላ ሲጫኑት ወደ ፊት ወጥቶ፣ ሲለቁት ወዲያው መመለስ አለበት። በግራሶ የተያዘ መርፌ ተፈትቶ በደንብ ቢታጠብ ችግሩ ይወገዳል፤ ይህ ሳይደረግ ግን ከመጋዘን የወጣ ኤስ ኬ ኤስ አንድም ጥይት ሊጎርስ አይገባውም።

የቃታው ፍተሻ ባዶ በሆነው ጠመንጃ ላይ ይደረጋል። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስበው ሲለቁት፣ ባዶው ካዝና ክፍት አድርጎ ሊይዘው ይገባል። ከዘጉት በኋላ ከቃታው ኋላ ያለውን መቆለፊያ አንሥተው ቃታውን ይሳቡ፤ ምንም ነገር መንቀሳቀስ የለበትም። መቆለፊያውን ዝቅ አድርገው ሲስቡት መርፌውን የሚመታው መዶሻ ይወድቃል። ጣትዎን ከቃታው ላይ ሳያነሡ መቀርቀሪያውን በድጋሚ ስበው ሲመልሱት መዶሻው ተከትሎ መውደቅ የለበትም፤ ቃታውን ቀስ ብለው ሲለቁ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምተው፣ ዳግመኛ ሲስቡት ነው መምታት ያለበት። በዚህ ፍተሻ የወደቀ ጠመንጃ በአንድ ስበት ሁለትና ሦስት ጥይት ሊለቅ ስለሚችል ለአደጋም ለወንጀል ክስም ያጋልጣል። የኤስ ኬ ኤስ መቆለፊያ ቃታውን እንጂ መዶሻውን እንደማይቆልፍም ይታወቅ፤ ተማምኖበት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ መዞር አይገባም።

በመቀርቀሪያው፣ በአካሉ፣ በካዝናው፣ በአካሉ የላይ ክዳንና በሰደፉ ላይ የታተሙትን ቁጥሮች ያስተያዩ። ሁሉም አንድ ከሆኑ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ የመቆየቱ ዕድል ሰፊ ነው። የካዝና ወይም የክዳን ቁጥር ቢለያይ ለሰብሳቢ እንጂ ለተኳሽ አያሳስብም። የመቀርቀሪያው ቁጥር ከአካሉ ከተለየ ግን የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ በልዩ መለኪያ መቀርቀሪያው ጥይቱን በትክክል ይዞ መዝጋቱን ሳያረጋግጥ አይተኮስበትም፤ ክፍተቱ ከሰፋ ቀለህው ተቀዶ ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላልና። ሰደፉን በሚመለከት ከአካሉ ኋላና ከቃታው አጠገብ ያለውን እንጨት ስንጥቅ እንዳይኖረው ይመልከቱ፣ ጠመንጃውንም ለአንድ አፍታ ተሸክመው ያነጣጥሩ። ባዶውን 3.85 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሰደፉ አጭር ስለሆነ ክንዱ ረጅም የሆነ ሰው ይጨናነቃል። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ወደ አንድ ወገን በብዙ ተገፍቶ ከተገኘ፣ አንድ ሰው ጠማማ በርሜልን ወይም ጠማማ አገጣጠምን ለማካካስ ሲታገል እንደነበር መጠርጠር ይገባል።

የተለወጡ ኤስ ኬ ኤሶችን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ብዙ ሰው የእንጨቱን ሰደፍ በፕላስቲክ ተክቶ፣ የሚወጣና የሚገባ ካዝና ገጥሞ፣ በክዳኑ ላይ መነጽር ይሰካበታል። ክዳኑ ለጽዳት የሚወጣና የሚመለስ ክፍል ስለሆነ በላዩ የተሰካ መነጽር ኢላማውን ይዞ አይቆይም፤ የሚወጣው ካዝናም ብዙ ጊዜ ጥይቱን በትክክል አያጎርስም። ለውጡ በአንዳንድ አገር የጠመንጃውን ሕጋዊ ምድብ ጭምር ይቀይራል። ኤስ ኬ ኤስን አሁን በሆነው ልክ የሚፈልገው ሰው ይግዛው፤ ወደ ሌላ ነገር ሊለውጠው የሚያስብ ግን ያንን ሌላ ነገር ከመጀመሪያው ቢገዛ በገንዘብም በጣጣም ያተርፋል።

የጥይቱንም ነገር ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። 7.62 በ39 በብዙ አገር የሚመረት ቢሆንም አቅርቦቱ በፖለቲካ ይናወጣል፤ ለምሳሌ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የሩሲያ ጥይት ማስገቢያ ፈቃድ መስጠት አቁማለች። ርካሹ የመጋዘን ጥይት ከላይ የተጠቀሰውን ጨው የሚተው ሊሆን ስለሚችል፣ በተተኮሰበት ዕለት በርሜሉና ጋዝ ቱቦው በውኃ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ዘይት መቀባት አለባቸው። ይህን ትጋት የማይችል ሰው ጨው የማይተወውን ጥይት ብቻ ይግዛ። አንዳንድ የተኩስ ሜዳዎችም ብረት ስላለበት በማግኔት የሚሳብ እርሳስ ያለውን ጥይት አያስገቡም፤ ከመግዛትዎ በፊት የሚተኩሱበትን ሜዳ ደንብ ይጠይቁ።

ጠመንጃው ይህን ሁሉ ካለፈ ከሻጩ ጋር በጽሑፍ አንድ ስምምነት ያድርጉ፤ የባለሙያ ምርመራና የመጀመሪያው ተኩስ ጉድለት ካሳዩ ጠመንጃው ይመለሳል የሚል። መርፌው ታጥቦ፣ ባለሙያው ከፈቀደ በኋላ፣ በተኩስ ሜዳ መጀመሪያ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይግባ። ከተተኮሰ በኋላ ቀለህውን አንሥተው ይመልከቱት፤ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ቂጡ የተቀደደ ከሆነ ተኩሱ በዚያው ይቁም። ቀጥሎ ሁለት ጥይት ያግቡ። በአንድ የቃታ ስበት አንዱ ብቻ ከወጣ፣ ሁለተኛውን ከመተኮስዎ በፊት አውጥተው ተቀጣጣዩን ይዩት፤ ሞላ በሌለው መርፌ ላይ ትንሽ የመርፌ ጠባሳ መታየቱ የተለመደ ነው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ግን መርፌው እንደገና ይፈተሽ። ሁለቱም በአንድ ስበት ከወጡ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው ወደ ሻጩ ይመልሱት። ሁሉም ደኅና ከሆነ በሦስት፣ ከዚያም በዐሥር ጥይት ይሞከራል፤ ዐሥሩንም ሳያሰናክል ጎርሶ፣ በመጨረሻው ጥይት መቀርቀሪያው ክፍት ሆኖ ከቆመ ክፍያውን መፈጸም ይችላሉ።